ኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢ፦ ሞተሩ ወርዶ ከተሠራ በኋላ በካምቢዮ በኩል ዘይት ያንጠባጥባል

ቀዩ ኮሮላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ የ1996 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ፣ ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) ማንዋል። ሞተሩ ወርዶ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ብሮንዚን (ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ዋናው የሚሽከረከር ዘንግ፣ የሚያርፍበት ቅርፊት) እና ሙሉ ጓርኒሲዮን (በክፍሎች መጋጠሚያ የሚገባ ማሸጊያ) ተቀይሯል። አሁን ስትቆም ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ሥር ዘይት ትጥላለች፤ አድራ ስትነሣ መሬቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ምልክት ትተዋለች። የሠራው ጋራዥ «የኋላው ኦይል ሲል (ክራንክሻፍቱ በካምቢዮ በኩል በሚወጣበት ያለው የዘይት ማገጃ ቀለበት) ነው፣ ካምቢዮ ይውረድ» ይላል። ሳይወርድ ማረጋገጥ ይቻላል?

ካቻቪቴ፦
ይቻላል፤ ሳታረጋግጥ እንዳታስወርድ። ዘይት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ስትነዳ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይበትነዋል። ስለዚህ የሚያንጠባጥብበት ቦታና የሚያፈስበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

በዚህ ሞተር ላይ ዲስትሪቢተሩ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ያለው ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጫፍ ላይ፣ ከካምቢዮው በላይ ነው። አንገቱ ላይ ያለችው ኦ-ሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ከደረቀች ወይም ስትገባ ከተቆረጠች ዘይቱ የቴስታታውን ጎን ይዞ ይወርድና ካምቢዮው ላይ ያርፋል። ከሥር ለሚያየው ሰው ቁርጥ የኋላ ኦይል ሲል ነው። ሙሉ ጓርኒሲዮን ተቀየረ ሲባል በቀላሉ የምትረሳው ይህቺው ኦ-ሪንግ ናት።

መጀመሪያ የሚወርደው የምን ዘይት እንደሆነ ለይ፤ የካምቢዮ ዘይት የድኝ ሽታ አለው፣ ይለያል። ከዚያ ዲስትሪቢተሩንና ዲናሞውን በላስቲክ ሸፍነህ ሞተሩን ቅባት በሚያስለቅቅ ኬሚካል አስጥብ፣ በኮምፕሬሰር አየር አድርቅ፣ የምትጠረጥራቸውን ቦታዎች የሕፃን ፓውደር ንፋባቸው። ቆማ 15 ደቂቃ ያህል ትሥራ። በባትሪና በትንሽ መስታወት ከላይ ጀምረህ ወደ ታች እይ፦ የባልቦላ ክዳኑን ዙሪያ (በተለይ የካምሻፍቱ ካፕ ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበትን ጥግ፤ እዚያ ትንሽ ሲሊኮን ካልተቀባ ያፈሳል)፣ የዲስትሪቢተሩን አንገት፣ የዘይት ግፊት ስዊቹን፣ ፊልትሮውን፣ መጨረሻ ላይ ኮፓውን (ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ)። ምንም ካላየህ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ ድገመው። ላይ ያለው ሁሉ ደረቅ ሆኖ ከካምቢዮው ቤት ውስጥ የሞተር ዘይት ከወጣ ያኔ ኦይል ሲሉ ነው ማለት ይቻላል።

ባለ ቶርኖ፦
ፒሲቪውንም (ከሞተሩ ውስጥ ጋዝ የሚያስወጣውን ቫልቭ) አትርሱት። አዲስ ፋሻ እስኪላመድ ድረስ ጋዝ ወደ ታች ያሳልፋል። ፒሲቪው ከተደፈነ ወይም ቱቦው ሲገጠም ከታጠፈ ግፊቱ ውስጥ ይጠራቀምና አዲሱን ኦይል ሲል ሳይቀር ያስለቅሰዋል። ነቅለህ አራግፈው፣ መንኳኳት አለበት። ሞተሩ ሲሠራ አፉን በጣትህ ስትዘጋው መሳብ አለበት። የዘይቱንም ልክ በመለኪያ ዘንጉ እይ፤ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከሆነ ቀንስ። ወፍራም ዘይት ወይም «ፍሳሽ ማቆሚያ» የሚባለውን መጨመር ግን መፍትሔ አይደለም፣ ምክንያቱን ይደብቅብሃል።

ቀዩ ኮሮላ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታጥባ ታየች፤ ክዳኑ ደረቅ ነው፣ ፒሲቪው ይስባል፣ ከዲስትሪቢተሩ ሥር ግን ፓውደሩ ረጥቧል። የኮፓው ጠርዝም በካምቢዮ በኩል ትንሽ እርጥበት አለው፣ ሲሊኮንም ዙሪያውን ተርፎ ወጥቷል። የኮፓው ቡሎኖች ጠበቅ ይደረጉ?

ካቻቪቴ፦
አይጠበቁ። የእነዚያ ቡሎኖች ልክ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ካለፈ ቆርቆሮው በየቡሎኑ ቀዳዳ ይጎብጥና በመካከል ክፍተት ይፈጠራል።

ከዲስትሪቢተሩ ጀምር። አቀማመጡን ቴስታታው ላይ ጭረህ ምልክት አድርግ፣ አውጣው፣ አዲስ ኦ-ሪንግ ዘይት ቀብተህ አግባ። ከዚያ የምርመራ ሳጥኑ ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝተህ ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) በታይሚንግ መብራት 10 ዲግሪ ላይ አስተካክል። እንደገና አጥበህ እይ፤ የኮፓው እርጥበት ከላይ የወረደው ራሱ ሊሆን ይችላል።

የሚያሳስበኝ የተረፈው ሲሊኮን ነው። ወደ ውጭ ያን ያህል ከወጣ ወደ ውስጥም ወጥቷል። ተቆርሶ ከወደቀ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፣ ግፊት ይወርዳል፣ አዲሱ ብሮንዚን ይበላል። የዘይት መብራቱ ብልጭ ካለ ወዲያው አጥፋ፣ አትንዳት። እኔ ብሆን ፍሳሹ ቢቆምም ኮፓውን አስወርጄ ወንፊቱን አጸዳለሁ። ሲመለስ የጎበጠውን ጠርዝ እንጨት ላይ አስደግፎ ማቃናት፣ ሁለቱንም ፊት በቲነር ማጽዳት፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሊኮን ከቡሎን ቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ በኩል ሳይቋረጥ ማስኬድ፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ መግጠም። ዘይት ከመሙላት በፊት ቢያንስ 2 ሰዓት ይቆይ፣ ቢያድር የተሻለ ነው።

ባለ ቶርኖ፦
ከዚህ ሁሉ በኋላም ካምቢዮው መውረዱ ካልቀረ፣ ሲሉን ብቻ ቀይረው እንዳይዘጉት። ክራንክሻፍቱ ላይ ሲሉ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍርህ ዳስስ፤ ጥፍር የሚይዝ መስመር ካለ አዲሱ ሲል አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ተዛንፎ ይግባ፣ ከንፈሩ ያልተበላ ቦታ ላይ እንዲያርፍ። ከንፈሩ ዘይት ይቀባ፣ ሲገባ እንዳይገለበጥ፣ ስፕሪንጉም እንዳይወጣ ይታይ። ሲሉን የያዘው ክዳን የራሱ ጓርኒሲዮን አለው፣ እሱም አብሮ ይቀየር። የፍሪሲዮን (የክላች) ሸራውም ዘይት ከጠጣ ታጥቦ አይመለስም፣ አዲስ ግዛለት።