ክርክር፦ ሐኑካንና ገናን በአንድ ምሽት፣ በድሮ ሸክላ?

መነሻ፦ አሜሪካ ውስጥ በሕዝብ አዳራሽ የሐኑካ (የአይሁድ የስምንት ቀን የብርሃን በዓል) መቅረዝና የገና ዛፍ ጎን ለጎን አቁሞ የድሮ ሸክላ ማሰማት ተለምዷል። ይህ ሁለቱን በዓላት ያከብራል ወይስ ያቀልላል?

ሸክላ ወዳጅ፦ ምኑ ያከራክራል? አሜሪካ በገና ሰሞን ከምትሰማቸው ዘፈኖች ብዙዎቹን የደረሱት አይሁድ ናቸው። ቢንግ ክሮዝቢ በ1942 የቀዳውን «ነጭ ገና» የጻፈው ኧርቪንግ በርሊን የምኩራብ ዜማ መሪ ልጅ ነው። ጂን ኦትሪ በ1949 ያወጣው የቀይ አፍንጫው አጋዘን ዘፈንም የጆኒ ማርክስ ነው፤ እሱም አይሁዳዊ። ሁለቱ በዓላት ሸክላው ላይ ከተገናኙ ቆዩ እኮ።

ከሐይፋ፦ ተገናኙ አትበል፣ ወንድሜ። እነዚያ ዘፈኖች ውስጥ ሐኑካ የታለ? ልደቱስ የታለ? በረዶና አጋዘን ነው። ደግሞ ዝርዝሩን እዩት፦ ስምንት የገና ሸክላ ይደረደርና አንድ የልጆች የድሬድል (የሐኑካ እንዝርት መጫወቻ) ዘፈን እንደ ማባያ ጣል ይደረጋል።

ሕግ ተመልካች፦ በሕግ በኩል፣ በ1989 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፒትስበርግ ጉዳይ ከዛፍ አጠገብ የቆመውን መቅረዝ ፈቅዷል፤ በአውራጃው ፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ ለብቻው የተቀመጠውን ግን የልደት ግርግም ከልክሏል። ስለ ሸክላ ያለው ነገር የለም።

ያሬዳዊ፦ ለእኛ ቀኑ ራሱ አይገጥምም። በ2024 ሐኑካ ዲሴምበር 25 ማታ ገብቶ ጃንዋሪ 2 ወጣ፤ የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። በመሐል ጾመ ነቢያት አለ፤ ላትኬ የሚሉት የድንች ጥብስ ደግሞ እንቁላል አለበት። የተዋሕዶ ልጆችን የሚጠራ ሰው በእንቁላሉ ፋንታ የድንች ዱቄት ያድርግበት። በዓሉን ግን ባዕድ አንበለው፤ ዮሐንስ 10፥22 ላይ ያለው የመቅደስ መታደስ በዓል እኮ እሱ ነው።

ዜማ ፈላጊ፦ እንግዲያው ትክክለኛው ሸክላ የጥንቱ ሙዚቃ ደራሲ የሐንዴል ነው። «ይሁዳ መቃቢ» በ1747 ለንደን ላይ ቀረበ፤ ታሪኩ የሐኑካው ታሪክ፣ መቅደሱን ነፃ ያወጣው የይሁዳ ድል ነው። ድል አድራጊውን የሚቀበለው የመዘምራን ዜማ መጀመሪያ የተሠራው ለ«ኢያሱ» (1748) ነበር፤ ኋላ ወደ «ይሁዳ መቃቢ» ገባ። ያንኑ ዜማ ጀርመኖች ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት «የጽዮን ልጅ ሆይ፣ ደስ ይበልሽ» እያሉ ይዘምሩታል። የእስራኤል ልጆች በሐኑካ «ሀቫ ናሪማ» ይሉታል። ዜማው አንድ፣ ቃሉ ሁለት፤ ማንም የራሱን አልጣለም።

ከሐይፋ፦ ይሄ ያስኬዳል። ግን ሻማው ይቅደም። በመሸ ጊዜ ይለኮሳል፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይነዳል፣ በመጀመሪያው ሌሊት ሦስት፣ በሌሎቹ ሁለት ቡራኬ ይባላል። «ማዖዝ ጹር» የተባለው የሐኑካ መዝሙር በአፍ ይዘመር፣ ከሸክላ አይሁን። በሐኑካ ሻማ ብርሃን መገልገል ክልክል ነው፤ የሸክላውን ጽሑፍ ለማንበብ ሌላ መብራት አብሩ። ዓርብ ማታን ተዉት፤ ሰንበት ከገባ በኋላ ሰንበት አክባሪ ማጫወቻ አይነካም። ቤተ እስራኤል ኢትዮጵያ ሳሉ ሐኑካን እንደማያከብሩ ደግሞ ልብ በሉ፤ ሁሉም ሐበሻ አይሁዳዊ ከአያቱ የወረሰው እያስመሰላችሁ አትጋብዙ።

የድምፅ ሰው፦ የምትሉት ሁሉ መርፌው ላይ ይወድቃል። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የድሮ ሸክላ ቦዩ ሰፊ ነው፤ 75 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) አካባቢ መርፌ ይፈልጋል። የኤልፒ (የኋላው ረጅም ሸክላ) መርፌ ከ25 ማይክሮን ስለማይበልጥ ቦዩ ሥር ገብቶ ቆሻሻውን ያነብላችኋል። ክብደቱን ከ3 እስከ 5 ግራም አድርጉ። በአልኮል እንዳትጠርጉት፣ ሸክላው የተሠራበትን ላክ (ሙጫ መሰል ነገር) ያሟሟዋል፤ የተጣራ ውሃና አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ይበቃል፣ መሐሉ ያለው ወረቀት ግን አይንካው። አሥር ኢንቹ በአንድ ገጽ የሚይዘው 3 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ለመገልበጥ ብቻ አንድ ሰው መመደብ አለበት። ማጫወቻውን ከስፒከር አርቁ፣ አለዚያ ያጓራል። በእንጨት ወለል ላይ ጭፈራ ካለ መርፌው ይዘላል፤ ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ አስቀምጡት። በነገራችን ላይ፣ የ1942ቱ «ነጭ ገና» ዋና ቅጂ ከመታተም ብዛት ስላለቀ በ1947 እንደገና ተቀርጿል። «የ42ቱ ነው» ብሎ ለሚሸጥላችሁ ቶሎ አትክፈሉ።

ያሬዳዊ፦ የሐንዴሉን እቀበላለሁ። አጋዘኑ ግን ይቅር።

ሸክላ ወዳጅ፦ አጋዘኑ ከቀረ ልጆቹ አይመጡም፣ አባቴ።

ከሐይፋ፦ ይምጣ ካላችሁ ይምጣ፤ ግን ሻማው ነዶ ካለቀ በኋላ።