ጃፓን ኮሪያን አሠለጠነች ወይስ ዘረፈች?

ሰላም፦ "ጃፓን ከ1910 እስከ 1945 ኮሪያን ባትገዛ ኖሮ የዛሬዋ ሴኡል አትኖርም" የሚል ሰው ገጥሞኝ ስንጨቃጨቅ አመሸን። እናንተስ ምን ትላላችሁ? (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ዳጊ፦ ሰውየው ልክ ነው። ኮሪያን የገዛው የጆሰን ሥርወ መንግሥት ከ1392 ጀምሮ 500 ዓመት ገዝቶ በመጨረሻ ዝሎ ነበር። ገበሬው በ1894 ሲያምፅ ንጉሡ ምን አደረገ? የቻይና ጦር ጠራ። ጃፓን ደግሞ ሳትጠራ መጣች፤ ሁለቱ በሰው አገር ተዋጉ። ባቡሩም፣ ግድቡም፣ ፋብሪካውም የጃፓን ሥራ ነው።

ሰላም፦ ባቡሩ ለማን? የቡሳን–ሴኡልን ሐዲድ በ1905 ተጣድፋ የጨረሰችው ከሩሲያ ጋር ስለምትዋጋ ነው። በኋላ ሩዙ ወደ ጃፓን ይጫናል፣ ገበሬው ከማንቹሪያ (ከሰሜን ምሥራቅ ቻይና) በሚመጣ ርካሽ እህል ይውላል። ደሞ ሴኡል ውስጥ የኤሌክትሪክ ትራም በ1899 ይሄድ ነበር። ቤተ መንግሥቱም በ1887 መብራት ገብቶለታል።

ዳጊ፦ ያንንም አሜሪካኖች ናቸው የሠሩት 😀

ሰላም፦ ጠርተህ ማሠራትና ተረግጠህ መሠራት አንድ ነው እንዴ?

ጋሽ መምህር፦ ልጆች፣ ሐዲድ ብቻ አትቁጠሩ። ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 ሀንጉልን፣ የኮሪያን ፊደል፣ ያወጣው ተራው ሰው እንዲጽፍበት ነው። የቻይና ፊደል የለመዱት መኳንንት ለረጅም ጊዜ ሲንቁት ኖሩ፤ ይህ የራሳቸው ጥፋት ነው። ጃፓን ግን በ1938 ኮሪያኛን ከትምህርት ቤት ገፍታ አስወጣች። በ1940 ደግሞ "ስማችሁን ወደ ጃፓንኛ ቀይሩ" አለች። አባቱ ያወጣለትን ስም የተነጠቀ ሰው "አሠለጠኑኝ" ይላል?

ዳጊ፦ ጋሼ፣ ግፉን ማን ካደ? እርስዎ ስለ ስም ያወራሉ፣ እኔ ስለ ኢኮኖሚ።

የቃኘው ልጅ፦ እሺ ስለ ኢኮኖሚ እናውራ። አያቴ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ከኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ ጋር በ1951 ቡሳን ወርደዋል። ሴኡልን "ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልቀረም" እያሉ ነበር የሚያወሩን። ከተማዋ በጦርነቱ በ1 ዓመት ውስጥ 4 ጊዜ እጅ ተለዋውጣለች። ትልልቆቹ የጃፓን ፋብሪካዎችና ግድቦች ደግሞ በብዛት የነበሩት ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ነው። እንዲያውም ሰሜን በ1948 በደቡብ ላይ መብራት ቆርጣለች። ታዲያ ውርሱ ቢሆን ኖሮ ሀብታሟ የሰሜኗ ዋና ከተማ ፒዮንግያንግ መሆን አልነበረባትም?

ዳጊ፦ ይቺ ከበደችኝ። ግን ሰዎቹስ? የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንት የነበረው ፓርክ ቹንግ ሂ እኮ በጃፓን የጦር አካዳሚ የሠለጠነ ነው። በ1965 ከጃፓን 300 ሚሊዮን ዶላር ስጦታና 200 ሚሊዮን ብድር ተቀበለ። የፖሃንግ ብረት ፋብሪካ በከፊል በዚያ ገንዘብ ነው የተሠራው።

ሰላም፦ ያኔ ነፃ አገር ነበረች፤ ተደራድራ ነው የተቀበለችው። እንዲያም ሆኖ ተማሪው ስምምነቱን ተቃውሞ አደባባይ ወጥቷል።

ዳጊ፦ በ1995 ሴኡል ያለውን የጃፓን ገዢ ሕንፃ ማፍረሳቸውስ? ሙዚየም ሆኖ እያገለገለ!

ጋሽ መምህር፦ ከቤተ መንግሥታቸው ፊት ለፊት እኮ ነው የገተሩት፣ ልጄ።