አባቴ በሲፓፕ ሲተኙ አፋቸው እየተከፈተ ተቸገርን

ሰላም ወገኖቼ። አባቴ እንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው እየተቋረጠ ሲፓፕ (በማስክ በኩል አየር እየገፋ የሚሰጥ ማሽን) ታዘዘላቸው። ማስኩ አፍንጫ ላይ ብቻ የሚሆነው ነው። ሌሊት አፋቸው ሲከፈት አየሩ በዚያ ይወጣል። ጠዋት ጉሮሯቸው ደርቆ ይነሳሉ። «መልሱልኝ» እያሉ ነው። ያለነው ሜሪላንድ ነው። የምታውቁ ምከሩን።

መልስ፦
እህቴ፣ አባባን እግዜር ይማርልሽ። ማሽኑን እንዳትመልሱ አደራ። ባለቤቴም በዚሁ ተሰቃይቶ ዛሬ ደህና ይተኛል።

መጀመሪያ አፍንጫቸውን እዩ። አፍንጫ ሲታፈን ሰው ሳያውቀው በአፉ ይተነፍሳል። እዚህ አካባቢ ጸደይ ሲመጣ አለርጂው ከባድ ነው። ማታ በጨው ውሃ መታጠብ ይረዳል፤ ውሃው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ይሁን፣ በቀጥታ ከቧንቧ አይቀዳ። የማሽኑንም እርጥበት ከፍ አድርጉት።

ካልበቃ አፍና አፍንጫን አንድ ላይ የሚሸፍን ማስክ አለ። ባለቤቴን ያሳረፈው እሱ ነው። አባባ ጢም ካላቸው ወይም ሲተኙ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያወልቁ ከሆነ፣ ማስኩን ሲለኩ እንደሚተኙበት ሆነው ይለኩ፤ አለዚያ በጎን ያፈስሳል። የአገጭ ማሰሪያ ለአንዳንዱ ይሠራል። አፍን በፕላስተር መለጠፍ የሚመክሩ አሉ፤ እኔ ግን ለአባባ አልመክርም። አፍንጫቸው ቢታፈን ወይም ሌሊት ቢያስመልሳቸው አደጋ ነው። የአየሩ ግፊት ሲበዛም አፍ ይከፈታል፤ እሱን ሐኪሙ ያስተካክለው።

አሁን የሚያስቸኩለው ኢንሹራንሱ ነው። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በተለይ ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ባለ ተከታታይ 30 ቀን፣ ቢያንስ በ70 በመቶው ሌሊቶች፣ በየሌሊቱ ለ4 ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ መጠቀማቸው መመዝገብ አለበት። ማሽኑ ራሱ ይቆጥራል። ካልሞላ ክፍያው ሊቆም ይችላል። ብዙ የግል ኢንሹራንሶችም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ስለዚህ ሳትውሉ ሳታድሩ ማሽኑን ለሰጣችሁ ድርጅት ደውሉና ማስክ ይቀየርልን በሉ። ምን ያህል አየር እንደሚያፈስስም ከማሽኑ ሪፖርት ላይ እንዲያዩላችሁ ጠይቁ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አንቺ እያለሽ ለምን? አባት ለልጁ የማይነግረው ሕመም አለ። ማስኩ አስጨንቋቸው ሌሊት እያወለቁት ከሆነ፣ ያንን ለሐኪሙ በራሳቸው አንደበት ይንገሩት።