ቫውቺንግና ትሬሲንግ ይምታቱብኛል፤ ሳልሸመድድ እንዴት ልለያቸው?

ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ኦዲቲንግ አንድ እየወሰድኩ ነው። በሌላው የአካውንቲንግ ኮርስ ቢያንስ ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ካልመጣ ስህተት እንዳለ ይታወቃል፤ ይሄ ግን ሽምደዳ ብቻ ሆነብኝ። «ቫውቺንግ ለኤግዚስተንስ (የተመዘገበው በእውነት መኖሩ)፣ ትሬሲንግ ለኮምፕሊትነስ (ያለው ሁሉ መመዝገቡ)» የሚለውን ይዤዋለሁ፤ ጥያቄው ዞር ተደርጎ ሲመጣ ግን ይጠፋብኛል። ለምሳሌ፦ «ኦዲተሯ 40 የዕቃ መላኪያ ሰነዶች መርጣ ከሽያጭ ጆርናሉ ጋር አመሳከረች። የፈተሸችው የትኛውን አሰርሽን (ድርጅቱ ስለ ሂሳቡ የሚሰጠውን ማረጋገጫ) ነው?» ሰነድ ስላየች ኤግዚስተንስ አይሆንም እንዴ? የኦዲት ሪስክ ቀመሩስ ምን ሊጠቅም ነው የሚሰጠን?

ሰነድ ፈታሽ፦
ስሞቹን ለጊዜው ተያቸውና አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ ናሙናው የተመረጠው ከየት ነው?

ያንቺ ጥያቄ ላይ ከመላኪያ ሰነዶቹ ነው። አሁን አንድ ሰው ያልተሸጠ ዕቃ ተሸጠ ብሎ ጆርናሉ ላይ 250,000 ጽፏል እንበል። ዕቃው ስላልወጣ መላኪያ ሰነድ የለውም፤ ስለዚህ ከሰነዶቹ 40 አይደለም 400 ብትመርጪ የሐሰቱ ሽያጭ እጅሽ አይገባም። ሊገኝ የሚችለው ተቃራኒው ነው፤ ዕቃው ወጥቶ ሽያጩ ሳይመዘገብ የቀረ። መልሱ ኮምፕሊትነስ ነው፤ እንዲህ ከሰነድ ወደ ምዝገባ መሄድ ትሬሲንግ ይባላል።

የሐሰቱን ለመያዝ ከጆርናሉ ትነሻለሽ፣ ቫውቺንግ የሚባለው ይህ ነው፤ ከምዝገባው ወደ ኢንቮይሱ፣ ወደ ትዕዛዙ፣ ከዚያ ደንበኛው ወደፈረመበት መላኪያ ሰነድ። ኢንቮይሱ ላይ ብቻ መቆም አይበቃም፤ ኢንቮይስ ድርጅቱ ራሱ የሚያዘጋጀው ወረቀት ነው፣ ሐሰቱን የጻፈው ሰው ኢንቮይሱንም ሊሠራለት ይችላል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ትሬሲንግ የሚያዋጣው ቁልሉ ሙሉ ከሆነ ነው። ሰነዶቹ 1041፣ 1042፣ 1044 እያሉ ከሄዱ 1043 የት ሄደ? ከቁልሉ የተነቀለ ሰነድ ናሙና ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ የቁጥሩን ቅደም ተከተል ፈትሺ።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ከላይ በተባለው ላይ አንድ እርማት ልጨምር። ሽያጭ የዓመቱ ግብይት ስለሆነ አሰርሽኑ «ኦከረንስ» (ግብይቱ በእውነት መፈጸሙ) ይባላል። «ኤግዚስተንስ» ለባላንሶች ነው፤ ለተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ለኢንቬንተሪ። አንዳንድ መምህር ለዚህ ነጥብ ይቀንሳል፤ ትክክልም ነው።

የአቅጣጫው ነገር ተከፋይ ሂሳብ ላይ ይበልጥ ይከብዳል። ስጋቱ ዕዳው ተቀንሶ መታየቱ ስለሆነ ትልልቅ ባላንስ ያላቸውን አቅራቢዎች ብቻ መምረጥ ብዙም አይጠቅምም። በዓመቱ ብዙ የተገዛበት፣ መጨረሻ ላይ ግን ባላንሱ ዜሮ የሆነ አቅራቢ ነው መታየት ያለበት። ዋናው ሥራ ደግሞ ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ የተከፈሉትን ክፍያዎች መርጦ ዕቃው መቼ እንደገባ ከመረከቢያ ሰነዱ ላይ ማየት ነው። ከመዝጊያው በፊት ገብቶ ዕዳው ካልተያዘ፣ ያልተመዘገበ ዕዳ አገኘሽ ማለት ነው።

የደንበኛ ማረጋገጫ ደብዳቤም ከልክ በላይ ይታመናል። «አዎ፣ ዕዳ አለብኝ» ያለ ደንበኛ ይከፍላል ማለት አይደለም። ደብዳቤው ለኤግዚስተንስ ነው፤ ለቫሉዌሽን (ሂሳቡ በትክክለኛ ዋጋው መያዙ) የዕዳዎቹን ዕድሜና ከመዝጊያው በኋላ የገባውን ገንዘብ ተመልከቺ። መልስ ካልመጣ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ የለም፤ ሁለተኛ ደብዳቤ ይላካል፣ አሁንም ካልመጣ ወደ መላኪያ ሰነዱና ወደ ቀጣይ ገቢዎቹ ይኬዳል።

ትሪያል ባላንስ፦
ወደ ቀመሩ ልምጣ። የኦዲት ሪስክ = ኢንሄረንት × ኮንትሮል × ዲቴክሽን። የኦዲት ሪስክ ትልቅ ስህተት እያለ ኦዲተሩ የተሳሳተ አስተያየት የመስጠቱ ዕድል ነው፤ ኢንሄረንት ቁጥጥሩ ሳይታሰብ ስህተት የመፈጠሩ፣ ኮንትሮል የድርጅቱ ቁጥጥር ሳይዘው የማለፉ፣ ዲቴክሽን የኦዲተሩ ፈተሻ ሳያገኘው የመቅረቱ ዕድል። የሚፈለገው የኦዲት ሪስክ 5%፣ ኢንሄረንቱ 80%፣ ኮንትሮሉ 50% ቢሆን ዲቴክሽን 0.05 ÷ 0.40 = 12.5% ይሆናል። የውስጥ ቁጥጥሩ ተፈትሾ የማይታመን ሆኖ ከተገኘ ኮንትሮል ሪስክ ወደ 100% ይወጣል፤ ዲቴክሽን ወደ 6.25% ይወርዳል። ይህ ማለት ናሙናው ይጨምራል፣ ፈተሻው ወደ ዓመቱ መዝጊያ ይጠጋል፣ ከውጭ የሚመጣ ማስረጃ በብዛት ይፈለጋል። በሥራ ላይ ከፐርሰንቱ ይልቅ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ ማለት ይለመዳል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ፈተና ላይ «ኦዲተሩ ኮንትሮል ሪስክን ይቀንሳል» ብለሽ እንዳትጽፊ። ኦዲተር ይገመግመዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ በእጁ ያለው ዲቴክሽን ብቻ ነው።

ስሌት ከወደድሽ ማቴሪያሊቲን (የሂሳቡን ተጠቃሚ ውሳኔ ሊያስቀይር የሚችለውን የስህተት መጠን) ሥሪ። ከግብር በፊት ትርፉ 4,000,000 ከሆነ በተለመደው 5% 200,000 ይመጣል፤ ፐርፎርማንስ ማቴሪያሊቲው (ኦዲተሩ ለፈተሻው የሚይዘው ዝቅ ያለ ልክ) በ75% ቢያዝ 150,000። እነዚህ ፐርሰንቶች ልማድ ናቸው፤ የዓለም አቀፉ የኦዲት ስታንዳርድ 320 ቁርጥ ያለ ቁጥር አያስቀምጥም። ስለዚህ መልስሽ ላይ ለምን ትርፉን መነሻ እንዳደረግሽ አንድ መስመር ጨምሪ። ትርፉ ከዓመት ዓመት የሚዋዥቅ ድርጅት ከሆነ ገቢውን ወይም ጠቅላላ ሀብቱን መያዝ ይሻላል።

ተማሪዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ! ልሞክር፦ ቆጠራ ላይ ከመደርደሪያው ዕቃ መርጬ ወደ ቆጠራ ዝርዝሩ ብሄድ ኮምፕሊትነስ፤ ከዝርዝሩ ወደ መደርደሪያው ብሄድ ኤግዚስተንስ። ልክ ነኝ?

ሰነድ ፈታሽ፦
ልክ ነሽ። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ መደርደሪያው ላይ በኮንሳይንመንት (እንዲሸጥ በአደራ) የተቀመጠ የሌላ ድርጅት ዕቃ ሊኖር ይችላል። ዕቃው አለ፣ ቆጥረሽዋል፣ ዝርዝሩም ላይ ይገኛል፤ የድርጅቱ ግን አይደለም። ይሄኛው ራይትስ የሚባለው አሰርሽን ነው፤ የሚፈተሸውም በውሉና በግዢ ኢንቮይሱ እንጂ በቆጠራ አይደለም።