የኬንያ ምርጫና በዓላት ፕሮግራሜን አመሰቃቀሉት፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች ከቡሬ ነኝ፣ ቦሎቄ በሞያሌ አድርጎ ናይሮቢ የሚልክ ነጋዴ ጋ ነው የምሰራው፣ ከነሐሴ 2019 እስከ ታኅሣሥ 2020 ያለውን የመኪና ፕሮግራም አውጣ ተብዬ ኤክሴሉ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ።

የምርጫው ቀን ራሱ አላስቸገረኝም፣ ሕገ መንግሥታቸው በየ5 ዓመቱ የኦገስት ሁለተኛው ማክሰኞ ስለሚል ኦገስት 10 ቀን 2027 ነው፣ በኛ ነሐሴ 4፣ ፍልሰታ ላይ። ጭንቁ ከዛ በኋላ ነው። በፈረንጆቹ 2017 ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሰርዞት ኦክቶበር 26 ድጋሚ መረጡ፣ በ2022 ደግሞ ኦገስት 9 ተመርጦ ቃለ መሃላው ሴፕቴምበር 13 ሆነና ያም ቀን በዓል ተብሎ ተዘጋ። እንግዲህ ይሄን አስቀድሞ ማን ያውቃል?

ሌላው፣ ኦክቶበር 10 የሚውለው በዓላቸውና የነፃነት በዓላቸው ጃምሁሪ ዲሴምበር 12 ሁለቱም እሁድ ናቸው፣ እነሱ ጋ እሁድ የዋለ በዓል ወደ ሰኞ ይዞራል (እኛም እንዲህ ቢኖረን!)። እና 2019 ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜ 6 ትሆናለች፣ ከዛ በኋላ የኛ ቀን ከሌላው ጊዜ በአንድ ስለሚያንስ ሰኞ ዲሴምበር 13ን ታኅሣሥ 3 ብዬ ሞልቼው አለቃዬ «4 ነው፣ ሁሌም 4 ነው» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘብኝ።

በሞያሌ የምትሰሩ፣ በድምፅ መስጫው ቀን በነሱ በኩል ጉምሩክ ጭነት ያሳልፋል? ከምርጫው በኋላስ ስንት ሳምንት ክፍት ልተው? ደግሞ ስለ ታኅሣሥ 3 አንድ ሰው ያረጋግጥልኝ፣ ስክሪንሹት አንስቼ ላሳየው።