የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ የወባ ሚውቴሽን በካፒላሪ፣ ረቂቁን እናቃናው

ጸሐፊ፦ ሰላም ሁላችሁም። ረቂቁ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። የተስማማነው ከሸዋ ሮቢትና ከአካባቢው ቆላ በሚመጣ የወባ ናሙና ላይ መድኃኒት የሚያስቋቁም ሚውቴሽን፣ ማለትም የዲኤንኤ ለውጥ፣ እንድንፈልግ ነው። መሣሪያው ዲኤንኤን በቀጭን ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ እያስሮጠ የሚለየው ካፒላሪ ኤሌክትሮፎረሲስ፣ ሥራው ደብረ ብርሃን። ረቂቁ ላይ ስድስት ሚውቴሽን ተዘርዝሯል። እኔ በዝቷል ባይ ነኝ።

ከመንዝ፦ እኔ በጌን አልረሳሁም። መንታ የሚያስወልደው የቡሩላ ሚውቴሽን በመንዝ በግ ላይ ቢፈተሽ ምናለበት?

ጸሐፊ፦ ወንድሜ፣ በጉን ለሚቀጥለው ዙር እናቆየው። ይኼኛው ገንዘብ ለሰው ጤና ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ስድስቱን ተዉና አንዱን ያዙ። ኬ13 በሚባለው የወባ ጥገኛ ጂን ላይ ያለውን አር622አይ። ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጥቷል። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ውስጥ ያለውን የአርቴሚሲኒን ዝርያ ከመቋቋም ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ጋ ከመስከረም እስከ ኅዳር የታማሚው ወረፋ ከበር ይወጣል። ደግሞ አንድ ሰው ደም ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥገኛ ተቀላቅሎ ይገኛል። የተለመደው የዲኤንኤ ፊደል ንባብ፣ የሳንገር ሲኳንሲንግ፣ ከመቶ 15 ወይም 20 በታች የሆነውን ይውጠዋል። ጥቂቱን ካላየን ምኑን አየነው?

ከደብረ ብርሃን፦ ልክ ነሽ እህቴ። የመሣሪያው ሙቀት ላይ የምጨቀጭቃችሁም ለዚሁ ነው። ያልተለወጠውና የተለወጠው ዲኤንኤ አብረው ሲሞቁ ክሮቹ ይለያያሉ። ቀስ ብለው ሲቀዘቅዙ አንዳንዱ ክር የራሱን ጥንድ ትቶ ከሌላው ጋር ይጣመራል። አንድ ፊደል የማይገጥምበት ይህ ጥንድ ሄትሮዱፕሌክስ ነው፤ ቀድሞ መቅለጥ ይጀምራል። የካፒላሪው ሙቀት በትክክል ከተያዘ በከፊል የቀለጠው ይንቀረፈፋል፤ ኋላ ቀርቶ ግራፉ ላይ የራሱን ጉብታ፣ ፒክ፣ ያወጣል። ሙቀቱ አንድ ሁለት ዲግሪ ከሳተ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ክሮቹ ጨርሰው እንዳይላቀቁ ደግሞ ቅጂው ከሚነሳበት አጭር ዲኤንኤ፣ ከፕራይመር፣ በአንዱ ጫፍ ላይ ጂና ሲ የሚባሉትን የዲኤንኤ ፊደላት ጭራ እንቀጥላለን። ጂና ሲ በሦስት ሃይድሮጅን ቦንድ ስለሚያያዙ ያ ጫፍ አጥብቆ ይይዛቸዋል።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ታማሚው ውስጥ ያለው ሁሉ የተለወጠው ቢሆንስ? ሄትሮዱፕሌክሱ ከየት ይመጣል?

ከደብረ ብርሃን፦ ጎበዝ! ረቂቁ ላይ የለም፣ ተረስቷል። እያንዳንዱን ናሙና ሁለቴ እናስሮጣለን። አንዴ እንዳለ፣ አንዴ የምናውቀውን ያልተለወጠ ዲኤንኤ ጨምረን።

አዲስ አባል፦ ዲኤንኤውን ለማሞቅስ ውሃ አፍልተን ብንነክረው? ዲኤንኤ የሚያባዛው የፒሲአር ማሽን ወረፋ ይቀንስ ነበር።

ከደብረ ብርሃን፦ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት እኮ። ውሃችን 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ባቄላው አልበስል እያለ የሚያስቸግረንም ለዚህ ነው። ክሮቹን ለመለያየት የምንፈልገው 95 ዲግሪ በድስት አይገኝም። ቀስ ብሎ ማቀዝቀዙንም ማሽኑ ነው የሚያውቅበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ቆይ፣ እኔ በጀቱ ላይ ነኝ። መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ እና የክፍል ማሞቂያ የበጀቱን ሩብ ሊበሉ ነው? ገምጋሚው ይስቅብናል።

ከደብረ ብርሃን፦ ይሳቅ። በፊት የምሠራበት ቦታ ኅዳር ላይ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት ጋቢዬን እንደለበስኩ ስገባ ግማሹ ናሙና አልሮጠም፤ የሮጠውም ፒኩ ተንሸራቷል። ሙሉ ፕሌት፣ የናሙና ሳህን፣ ጣልን። የታማሚ ደም ነው፣ ተመለስና ድገምልኝ አትለው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ማስታረቂያ አለኝ። ሙቀቱን አንድ ነጥብ ላይ ከምንቸክለው ከመቅለጫው ትንሽ ከፍ ዝቅ እያደረግን ብናመላልሰውስ? መሣሪያው በጥቂቱ ቢስት እንኳ ናሙናው በትክክለኛው ሙቀት ደጋግሞ ያልፋል።

ከደብረ ብርሃን፦ ይሠራል። በብዙ ካፒላሪ ማሽን ላይ የተሞከረ ዘዴ ነው። እንዲያ ከሆነ ማሞቂያውን ሰርዙ፣ ክፍሉን በር በመዝጋትም እንይዘዋለን። ዩፒኤሱን ግን አልለቅም።

ገንዘብ ያዥ፦ ማሞቂያው ወጣ። ዩፒኤሱ ይቆይ፣ ተሸነፍኩ።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ዓላማውን እንዲህ ልጻፈው? «በሰሜን ሸዋ ቆላማ ወረዳዎች ከሚገኝ የወባ ናሙና አር622አይን፣ በጥቂት መጠን ተቀላቅሎ ሲገኝም ጭምር፣ ሙቀቱ በሚመላለስ ካፒላሪ ኤሌክትሮፎረሲስ መለየት።»

ከመንዝ፦ ጥሩ ነው። በጉን ግን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩልኝ።

ከሸዋ ሮቢት፦ የደም ጠብታውን ወረቀት ላይ አድርቄ በሐሙሱ ሚኒባስ በጣርማ በር እልካለሁ። አስር ለሙከራ ይበቃል?

ከደብረ ብርሃን፦ ሃያ አድርጊው። የመጀመሪያውን ፕሌት ማበላሸታችን አይቀርም።