የሐበሻ ተማሪዎች ማኅበር ካምፓስ ውስጥ ለማቋቋም፦ ከምዝገባ እስከ ርክክብ

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አሜሪካ ውስጥ በምንማርበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የካሪቢያን፣ የላቲኖና የእስያ ተማሪዎች ማኅበራት አሉ፤ የእኛ ግን የለም። ለማቋቋም ተስማምተናል። ግማሾቻችን እዚሁ ያደግን፣ ግማሾቻችን በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ የመጣን ነን። ከምን እንጀምር? ገንዘቡስ ከየት ይገኛል? አንዳንዶች «የእንቁጣጣሽ ፕሮግራም አዘጋጁ፣ ሰው ከመጣ ሌላው ይከተላል» ይሉናል። ሥራውን የምታውቁት ብትመክሩን።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦
ከፕሮግራም አትጀምሩ። ያልተመዘገበ ማኅበር በስሙ አዳራሽ አይይዝም፣ በጀት አይጠይቅም፣ ክለቦች አባል በሚመለምሉበት በክለቦች ትርዒት ቀን ጠረጴዛ አይሰጠውም። ብዙ ቦታ የአዲስ ማኅበር ምዝገባ በሰሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንታት ብቻ ነው ክፍት የሚሆነው፤ ካመለጣችሁ እስከሚቀጥለው ሰሚስተር ቁጭ ነው። በዚያ ላይ እንቁጣጣሽ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ስለሚውል ማንም ገና አልተደራጀም፤ ዓመቱን በአራት ከፍለው በኳርተር የሚያስተምሩት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ያኔ ትምህርት እንኳ አልጀመሩም። የመጀመሪያ ዓመት ላይ ለገና ወይም ለፋሲካ ሰሞን ማሰብ ይሻላል።

የሚጠየቀው ነገር ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ቢለያይም አጥንቱ አንድ ነው፦ የተመዘገቡ ጥቂት ተማሪዎች ስም፣ ውጤታቸው ደህና የሆነ ፕሬዚዳንትና ገንዘብ ያዥ፣ በቋሚነት የተቀጠረ አንድ አማካሪ፣ መተዳደሪያ ደንብና አጭር ስልጠና።

አማካሪውን «የአገራችን ሰው ነው» ብላችሁ ብቻ አትምረጡ። የአዳራሽ ጥያቄም ሆነ የግዢ ጥያቄ እሱ ሲስተሙ ላይ ገብቶ «ጸድቋል» ካላለ አይንቀሳቀስም። ኢሜይል በሁለት ቀን የሚመልስ የላይብረሪ ሠራተኛ፣ ለምርምር ፈቃድ ዓመቱን ሙሉ ከሚጠፋ ፕሮፌሰር ይበልጥባችኋል።

ደንቡን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ማኅበር ገልብጦ ስም መቀየር የተለመደ ነው፤ የሚያጣላውም እሱ ነው። «ምልዓተ ጉባኤ የአባላቱ ሁለት ሦስተኛ ነው» ይላል። ከዚያ በክለቦች ትርዒት ቀን 150 ሰው ኢሜይሉን ይጽፋል፣ ስብሰባ የሚመጣው 15 ነው፣ ምርጫ ማካሄድም ደንብ ማሻሻልም አይቻልም። ስለዚህ «ድምፅ ያለው አባል ማለት በሰሚስተሩ ቢያንስ ሁለት ስብሰባ የተገኘ ተማሪ ነው» ብላችሁ ለዩ። ምልዓተ ጉባኤውም ከእነሱ ይቆጠር። አመራር የሚነሳበትን መንገድና ማኅበሩ ቢፈርስ ገንዘቡ ለማን እንደሚተላለፍም አሁኑኑ ጻፉ፤ ጠብ ከተነሳ በኋላ የሚጻፍ አንቀጽ ለአንድ ወገን ያደላል።

ከተማሪዎች ጉዳይ ወገን፦
የአባልነት አንቀጹ ላይ ልጨምር፤ ደንቡ ተመላሽ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው። «አባል የሚሆነው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ ነው» የሚል ደንብ አያልፍም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ምዕራፍ 6 የፌዴራል ገንዘብ በሚያገኝ ተቋም ውስጥ በዘር፣ በቀለምና በትውልድ አገር መለየትን ይከለክላል፤ የግል ዩኒቨርሲቲዎችም ያንን ገንዘብ እስካገኙ ድረስ ከዚህ አያመልጡም። ከዚህ አልፈው «ማንኛውም ተማሪ አባልም አመራርም መሆን ይችላል» የሚል ፖሊሲ የሚያስፈርሙም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በካሊፎርኒያው ሄስቲንግስ የሕግ ትምህርት ቤት ጉዳይ እንዲህ ያለውን ፖሊሲ ደግፏል። ዓላማችሁን «የአካባቢውን ባህል፣ ታሪክና ቋንቋዎች ማስተዋወቅ» በሉት፤ አባልነቱን ለተመዘገበ ተማሪ ሁሉ ክፈቱት።

ስሙን በተመለከተ፦ «ሐበሻ» የማይስማማቸው አሉ፣ «ኢትዮጵያ» ብቻ ሲባል ኤርትራውያኑ ይቀራሉ፣ ብዙ ካምፓስ ላይ ደግሞ የኦሮሞ ተማሪዎች ማኅበር ለብቻው አለ። በሦስት ሰው ተወስኖ ከምዝገባ በኋላ ከሚያነታርክ መጀመሪያ ሰፊ ስብሰባ ጥሩና ወስኑ። የስም ለውጥ የደንብ ማሻሻያ፣ አዲስ ምዝገባና አዲስ የሒሳብ ቁጥር ስያሜ ይጠይቃል። ባንዲራ፣ የፖለቲካ መግለጫና የሀዘን መግለጫ በማን ፈቃድ እንደሚወጣም አንድ መስመር ይኑረው። እኔ የምመክረው የአመራሩን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው፤ የማኅበሩ ኢንስታግራም ስልኩ ላይ የተከፈተለት ሰው ብቻውን እንዳይወስን።

ያላችሁበትን ግዛትም አጣሩ። ቴክሳስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024፣ ዩታ ከጁላይ 1 ቀን 2024፣ አላባማ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋሏቸው ሕጎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የብዝኃነት ቢሮዎች አዘግተዋል ወይም ቅርጻቸውን ቀይረዋል። ኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የመድብለ ባህል ማዕከሉን በዚሁ ምክንያት ዘግቷል። የቴክሳሱ ሕግ የተመዘገቡ የተማሪ ማኅበራትን እንቅስቃሴ በግልጽ ከክልከላው ውጪ ያደረገ ነው፤ ስለዚህ ማኅበር ማቋቋም አልተከለከለም። የተቋረጠው ማዕከሉ ይሰጥ የነበረው ቢሮ፣ ሠራተኛና ድጎማ ነው። እንዲህ ያለ ግዛት ውስጥ ከሆናችሁ በጀታችሁን ከተማሪዎች መንግሥት (ተማሪዎች ከሚመርጡት ምክር ቤት)፣ ከትኬትና ከመዋጮ ብቻ አስሉት።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦
ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እያንዳንዱ ተማሪ ከትምህርት ክፍያው ጋር የተማሪዎች እንቅስቃሴ ክፍያ ይከፍላል፤ የተማሪዎች መንግሥት ኮሚቴ ለማኅበራት የሚያከፋፍለው ያንን ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴው የማኅበሩን አመለካከት አይቶ መስጠት ወይም መንፈግ አይችልም፤ ይህ በ2000 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነ ነው። ከተከለከላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ይግባኝ የሚባልበትን ቀንም እዩ።

በብዙ ቦታ የበጀት ዓመቱ ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ጥያቄ የሚገባው በስፕሪንግ ሰሚስተር ነው። አዲስ ማኅበር ይህ ስለሚያመልጠው በዓመቱ መሃል ለነጠላ ዝግጅት የሚሰጠውን ይጠይቅ፣ ወይም ከአፍሪካ ተማሪዎች ማኅበር ጋር በጋራ ያዘጋጅ። በጋራ ስታዘጋጁ ወጪውን ተከፋፈሉት፦ አዳራሹና ድምፁ በእነሱ፣ ምግቡ በእናንተ ጥያቄ ውስጥ ይግባ። አንዱ ወጪ በሁለት ማመልከቻ ከታየ ሁለቱም ይወድቃሉ።

«ልዩ ልዩ» ተብሎ 500 ዶላር የሚጠየቅበት በጀት መጀመሪያ ይቆረጣል። ዋጋ ማቅረቢያ አያይዙ፤ የምትጠብቁትን የሰው ቁጥርም በምን እንዳሰላችሁት አስረዱ። ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ በር ላይ የመገኛ መዝገብ ይኑር፣ የሚቀጥለው ዓመት ክርክራችሁ እሱ ነው። ገንዘቡ ሳይጸድቅ ዘፋኝ ማናገር ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። በኪሳችሁ ገዝታችሁ በኋላ ማስመለስም አደገኛ ነው፤ ብዙ ቦታ ከማጽደቂያው ቀን በፊት የተቆረጠ ደረሰኝ አይከፈልም፣ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ የሚያሳይ የካርድ ወረቀትም አይቀበሉም። ዕቃው አንድ በአንድ የተዘረዘረበትን ጠይቁ።

ውልም ተማሪ አይፈርምም። የአዳራሽ፣ የድምፅ መሣሪያም ሆነ የሙዚቀኛ ውል በዩኒቨርሲቲው የተፈቀደለት ሰው ይፈርመዋል። ተማሪ ከፈረመው ዕዳው የራሱ ሊሆን ይችላል።

ቪዛ ነክ፦
በኤፍ-1 ያለ ተማሪ ያለ ክፍያ ፕሬዚዳንትም ገንዘብ ያዥም መሆን ይችላል፤ ምንም ችግር የለውም። ለአመራር አበል የሚከፍሉ ካምፓሶች ላይ ግን ክፍያው እንደ ካምፓስ ሥራ ሊቆጠርና በትምህርት ጊዜ በሳምንት ከተፈቀደው 20 ሰዓት ላይ ሊደመር ስለሚችል፣ ከመቀበል በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮን መጠየቅ ነው። በዝግጅታችሁ ላይ በክፍያ የሚዘፍን ወይም ዲጄ የሚሆን የኤፍ-1 ተማሪም ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ «የእኛው ልጅ ነው፣ እጁ ላይ እናስጨብጠው» የምትሉት ነገር እሱን ነው የሚጎዳው።

ከአገር ቤት ለሚመጣ እንግዳ ሁለት መንገድ አለ። ትምህርታዊ ንግግር ወይም ውይይት ለሚያቀርብ ሰው በጎብኚ ቪዛ እያለ የክብር ክፍያ መስጠት ይቻላል፤ ገደቡ በአንድ ተቋም ከ9 ቀን ያልበለጠ፣ ባለፉት 6 ወራት ከ5 ተቋም ያልበለጠ ነው። ትኬት ተሸጦለት ለሕዝብ ኮንሰርት የሚያቀርብ ሙዚቀኛ ግን በዚህ አይሸፈንም፤ የባህል አርቲስት ፒ-3ን የመሰለ ቪዛ ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ የወራት ሥራና ጠበቃ ነው። ለአዲስ ማኅበር አልመክርም። እዚሁ ያለ፣ የመሥራት ፈቃድ ያለው አርቲስት ፈልጉ።

ታክሱን ደግሞ ቀድማችሁ ንገሩት። ለግብር ነዋሪ ላልሆነ እንግዳ ዩኒቨርሲቲው በተለምዶ 30 በመቶ ቀንሶ ነው የሚከፍለው፤ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት በእሱ የሚነሳ ነጻነት የለም። 1,000 ዶላር ተባብላችሁ 700 እጁ ሲገባ ልጆቹ በሉት ይባላል።

የመድረክ ሰው፦
ቡናውን ማንም አላነሳውም። ከሰልና እጣን አዳራሽ ውስጥ ይዞ መግባት ማለት የጭስ መጠቆሚያውን መጥራት ማለት ነው፤ ሕንፃው በሙሉ ይወጣል፣ የእሳት አደጋ መኪና ይመጣል፣ ወጪውም ማኅበሩ ላይ ሊጣል ይችላል። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት የእሳት ደህንነት ቢሮውን ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ የሚያስማማው እንዲህ ነው፦ ቡናው ተቆልቶ ይመጣል፣ ወይም በፈቃድ ደጅ ይቆላል፤ ጀበናው አዳራሹ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል። ኢንዳክሽን ምድጃ እንዳትገዙ፤ ሸክላ አያሞቅም። መጠምጠሚያ ሽቦው የሚታየው ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የሚሆነው፣ እሱም ከዝቅተኛው ተነስቶ ቀስ እያለ፤ ቀዝቃዛ ጀበና በአንድ ጊዜ ኃይለኛ ሙቀት ላይ ከተጣደ ይሰነጠቃል። ሁለት ምድጃ ከአንድ ማከፋፈያ አትሰኩ፣ መብራቱ ይጠፋል። እጣኑ ደጅ ይቅር።

ምግብ በየቤታችሁ ተሠርቶ እንዲመጣ የማይፈቅዱ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው፤ ፈቃድ ያለው ሬስቶራንት ይጠይቃሉ። ሬስቶራንቱም ዩኒቨርሲቲውን በስም የጠቀሰ የኢንሹራንስ ማረጋገጫ ማቅረብ አለበት፤ ብዙ ጊዜ የ1 ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት ሽፋን ነው የሚጠየቀው። ባለቤቶቹ ሲሰሙት ይደነግጣሉ፤ ሽፋኑ ካላቸው የኢንሹራንስ ወኪላቸው ወረቀቱን በአጭር ጊዜ ይልክላቸዋል። ለ100 ሰው 150 እንጀራ፣ ተቆርጦና ተጠቅልሎ፣ ይበቃል። ወጡ ከ57 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዳይወርድ፣ ሰላጣው ከ5 በላይ እንዳይወጣ። ግማሹ የጾም ይሁን፤ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ከሆነ ሁሉም። ሥጋው ሐላል ነው አይደለም የሚለውንም በግልጽ ጻፉ። እያንዳንዱ ትሪ ፊት ወረቀት ይቀመጥ፦ ሽሮው ቅቤ ካለበት «ወተት»፣ እንጀራው ስንዴ ወይም ገብስ ከተቀላቀለበት እሱንም። «ጤፍ ግሉተን የለውም» ብሎ ማለፍ አይሠራም፤ እዚህ ብዙው እንጀራ ድብልቅ ነው።

ፊልም ለማሳየት ካሰባችሁ፣ በነጻም ቢሆን ለሕዝብ የማሳያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ክፍል ውስጥ መምህር ለትምህርት ሲያሳይ ያለው ነጻነት ለክለብ ምሽት አይሠራም።

አዲስ ገቢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይህን ሁሉ አላሰብንም ነበር። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ የባንክ ሒሳብ ውጭ እንክፈት? ለጊዜው አንዷ ልጅ በራሷ ዜል (በስልክ ገንዘብ መቀበያ) እየሰበሰበች ነው።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦
እሱን ዛሬውኑ አቁሙት። በግል ዜል የገባ ገንዘብ ከልጅቷ ገንዘብ አይለይም፤ እሷም በኋላ ማስረዳት ይቸግራታል። ዩኒቨርሲቲው የካምፓስ ሒሳብ የሚሰጥ ከሆነ ያንን ያዙ። ከኮሚቴው የተመደበው ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ ተመላሽ ሊሆን ይችላል፤ በትኬትና በመዋጮ ያገኛችሁት ብዙ ቦታ ለብቻው ተይዞ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

የግድ ውጭ ከሆነ በማኅበሩ ስም የአሠሪ መለያ ቁጥር አውጡ። ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ከአይ አር ኤስ በነጻ ነው፤ ክፍያ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካያችሁ ዝጉት። የዩኒቨርሲቲውን ቁጥር መጠቀም ክልክል ነው። በኦንላይን ለማውጣት ኃላፊ ተብሎ የሚሞላው ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ወይም የግለሰብ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ የሌለው በፋክስ ወይም በፖስታ ነው የሚያመለክተው። ያ ኃላፊ ሲቀየር ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ በፎርም 8822-ቢ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ የማንም አመራር ዝርዝር ውስጥ ስለማይገባ ይረሳል።

ከተማሪዎች ጉዳይ ወገን፦
ርክክቡንም እዚሁ ያዙት። ምርጫ በሜይ አይደረግ፤ ፋይናል ይውጠዋል። ማርች ላይ ተመርጠው አዲሶቹ ከነባሮቹ ጋር ስድስት ሳምንት አብረው ይሥሩ፤ የበጀት ማመልከቻውንም አብረው ያቅርቡ። ሰነዱ ሁሉ በማኅበሩ ኢሜይል ሥር ይሁን። በተመራቂ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ አድራሻ የተከፈተ ፋይል አድራሻው ሲዘጋ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የኢንስታግራሙ የማረጋገጫ ኮድ የሚሄድበት ስልክ የማን እንደሆነ ጽፋችሁ ያዙ፤ የባንክ ፈራሚዎችንም ነባሩ ከተማ ሳይለቅ ሁለቱ አብረው ቅርንጫፉ ሄደው ይቀይሩ። ብዙ ባንኮች የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይጠይቃሉ፦ ቀን፣ የተገኙ ሰዎች፣ ማን ወጥቶ ማን እንደገባ፣ የጸሐፊው ፊርማ።